የወረደ ለሚወጣ ይናገራል

ሲ...ጢጥ! ሲ...ጢ...ጥ!

ዳገቱን ገና ሳንጨርስ ነው የሰማነው። ከፊታችን፣ ከዛፎቹ ማዶ፣ አንድ ነገር ቀጭንና ረጅም ጩኸት ጮኸ፤ ጥርስ የሚያጠርስ። ያበቃ መሰለና እንደገና ጀመረ። ፀሐይ ከገባች ትንሽ ቢሆናትም ሰማዩ ገና አልጠቆረም፤ መንገዱ ግን በዛፍ ስለተሸፈነ የጮኸው ነገር ምን እንደሆነ አይታይም።

አክስቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ድምፅ ስታዳምጥ የኖረች ሴት ናት።

«ይሄ መኪና ዘይት ጠምቶታል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ለእናትህ ንገራት፤ ቦርሳዋ ውስጥ የመኪና ዘይት አይጠፋም በላት።»

እናቴ በስተግራዬ፣ አክስቴ በስተቀኜ ነበሩ። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ቀጭን ነኝ።

«እማዬ፣ አክስቴ የመኪና ዘይት ይዘሽ እንደሆነ እየጠየቀች ነው።»

«ለአክስትህ ንገራት» አለች እናቴ፣ «መኪና አይደለም፤ በር ነው። የበር ድምፅ የማታውቅ ስለ መኪና አታውራ በላት።»

«አክስቴ፣ እማዬ በር ሳይሆን አይቀርም ነው የምትለው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ከሰማሽማ እኔ ለምን...»

«ሥራህን ሥራ!» አሉኝ ሁለቱም፣ ባንድ አፍ።

ሥራዬ ይሄው ነው። እናቴና አክስቴ አንድ የመጋረጃ ስፌት ቤት አላቸው። አያቴ ለሁለት ልጆቹ ያወረሰው ነው፤ ሁለት ባለፔዳል መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መንገዱን የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት። መኪኖቹ ፊት ለፊት ስለተቀመጡ እህትማማቾቹም ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ናቸው፤ አንዷ ስታስነጥስ የሌላዋ ክር ይወዛወዛል። ግን አይነጋገሩም። ሆድና ጀርባ ናቸው። አንዷ ለሌላዋ መናገር ስትፈልግ ነገሩ በእኔ በኩል ያልፋል። «መቀሱን ታቀብለኝ በላት»፣ «ጠርዙን አጥብባዋለች በላት»፣ «ሻይ ቀርቧል፣ ከፈለገች ትጠጣ በላት»። ሰፈርተኛው «ስልኩ» ይለኛል። ደንበኛ ገብቶ እኔን ካጣ፣ «ምነው፣ ዛሬ መስመር የለም?» ብሎ ይስቃል።

መልእክቱን ሳደርስ ታዲያ ትንሽ እተኩሰዋለሁ፤ ካውያው የእኔ ድርሻ ስለሆነ ለምጄው ይሆናል። አክስቴ «ለዚያች ግትር ንገራት» ያለችው እኔ ጋ ሲደርስ «እባክሽ» ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ዋናውን በገዛ ጆሯቸው ሰምተውታል። በቤታችን ሕግ ግን እኔ ያላደረስኩት ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ጠቡ የመጣው በመጋረጃ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የከተማው አዳራሽ ለመድረኩ ቀይ መጋረጃ አዘዘ። እንዲያ ያለ ሥራ ቤታችን ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ጨርቁ ሲዘረጋ ጠረጴዛውን አልፎ፣ በሩን አልፎ፣ መንገድ ላይ ወጣ። መድረኩን የለኩት ሁለቱ አብረው ናቸው። እናቴ መሰላል ላይ ወጥታ የሜትሩን ጫፍ ከላይ ያዘች፤ አክስቴ ከታች ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበች። ቆረጡ፣ ሰፉ፣ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ትርኢት ማታ መጋረጃው ሲዘጋ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ሕዝቡ በዚያ ክፍተት የተዋንያኑን እግር እያየ ሳቀ፤ እናቴና አክስቴ በየፊናቸው ተነሥተው ወጡ። እናቴ «በደንብ ያላነበበችው እሷ ናት» ትላለች። አክስቴ «ጫፉን ያላስጠጋችው እሷ ናት» ትላለች። ከዚያ ማታ ወዲህ አንዳቸውም በአዳራሹ ደጅ አልፈው አያውቁም። ገበያ ሲሄዱ እንኳ እናቴ በላይ በኩል፣ አክስቴ በታች በኩል ይዞራሉ፤ ገበያው ግን ፊት ለፊቱ ነው።

እኔ ደግሞ ከሰው ይልቅ ሰማይ ይቀለኛል። ከካውያው ፊት ቆሜ በመስኮቱ ስመለከት ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ነጭ ጉልላት ይታየኛል፤ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። የከዋክብት መመልከቻው ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ አንዱም ምሽት አምልጦኝ አያውቅም። ብቻዬን ወጥቼ፣ ሰልፍ ጠብቄ፣ አንድ ኮከብ አይቼ፣ ብቻዬን እወርዳለሁ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ኮከብ እያሰብኩ መጋረጃ እተኩሳለሁ። ሁለቴ አቃጥያለሁ።

የመመልከቻው ኃላፊ ጋሽ ጨረቃ ይባላሉ። ስማቸው አይደለም፤ ራሳቸው መላጣ፣ ክብና የሚያበራ ስለሆነ ሰው ያወጣላቸው ነው። እሳቸውም አይቀየሙም። «የሰማዩ አንዳንዴ ይጎድላል፤ የእኔ ሁሌም ሙሉ ነው» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ጠሩኝና፣ «ስማ፣ ጉልላቱን የሚያዞርልኝ ሰውዬ ከልጁ ጋ ሊኖር ሊሄድ ነው። ቀን ቀን መስታወቱን የሚያጸዳ፣ ተማሪ ሲመጣ የሚያስጎበኝ፣ ማታ ጉልላት የሚያዞር ሰው እፈልጋለሁ። አንተ እንደሁ ሳትቀጠር ነው የምትሠራው። በሚመጣው ምሽት መልስ ስጠኝ፤ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ» አሉኝ።

ዳገቱን እየሮጥኩ ወረድኩ። ለእናቴና ለአክስቴ በማግስቱ ነገርኳቸው። ሁለቱም መኪኖች ባንድ ጊዜ ቆሙ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች እናቴ። «ለአክስትህ ንገራት፤ አንተ ከሄድክ ይሄን ቤት እንዘጋዋለን።»

«ለእናትህ ንገራት» አለች አክስቴ፣ «እኔም እሱኑ ልል ነበር።»

ስንት ዓመት ሙሉ ሲስማሙ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ የተስማሙትም ቤቱን ለመዝጋት። ነገሩ እውነት ነው። ረጅም መጋረጃ አንድ ሰው ብቻውን አይቆርጠውም። አንዷ «ያዢ» ማለት አለባት፣ አንዷ «ልቀቂ»። ያንን የምልላቸው እኔ ነኝ። እኔ ከሌለሁ መቀሱ ጨርቁ መሃል ይቆማል። እንግዲህ ወይ እኔ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ፣ ወይ ያያቴ ቤት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም።

«እሺ፣ ቢያንስ ቦታውን እዩት» አልኳቸው። «እምቢ ስል ምኑን እምቢ እንዳልኩ እወቁልኝ።»

እናቴ እሷ ካለች አልሄድም አለች። አክስቴም እሷ ካለች አልሄድም አለች። ቀጥሎ ግን አንዷ ቀርታ ሌላዋ ብቻዋን አይታ ብትመጣስ? ይሄን ሁለቱም አልቻሉትም። ምሽቱ ሲደርስ ሁለቱም ነጠላ ጫማቸውን ለውጠው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ተጀራርበው።

ዛፎቹን ስናልፍ ጉልላቱ ከፊታችን ወጣ። የጮኸውም እሱ ነበር። ጣሪያው በመሃል ተከፍሎ፣ አንድ ትልቅ መዝጊያ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ ከውስጥ በመዘውር ይነዳል።

«በር ነው አላልኩም?» አለች እናቴ፣ ለሰማዩ።

«መኪና ነው አላልኩም?» አለች አክስቴ፣ ለዛፉ።

ጋሽ ጨረቃ መዝጊያውን ከፍተው ሲጨርሱ ወጥተው፣ ደጅ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉን። እናቴ ሰላምታውን እንደጨረሰች ቦርሳዋን ከፍታ ትንሿን የዘይት ጠርሙስ አወጣች። አክስቴ በሆዷ ደስ እንዳላት ከአፍንጫዋ መነፋት አወቅሁ።

«ለዚህ ለሚጮኸው» አለች እናቴ።

«ኧረ በሞቴ እንዳይነኩት!» አሉ ጋሽ ጨረቃ። «ደወላችን ነው እኮ! ታች ሰፈር ያለው ሰው ሰማዩ መከፈቱን የሚያውቀው በሱ ጩኸት ነው። ቢቀባማ ማን ይመጣል?»

ጠርሙሱ ወደ ቦርሳው ተመለሰ።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ግራሶና አሮጌ እንጨት ይሸታል። ዓይን ጨለማውን እንዳይረሳ ብለው ግድግዳው ሥር ትንንሽ ቀይ መብራት ብቻ ነው የሚያበሩት። መሃል ላይ ቴሌስኮፑ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ ውፍረቱ እኛ ቤት ጥግ ላይ እንደሚቆመው የጨርቅ ጥቅል ነው። ዓይን የሚደገፍበት ከፍ ስለሚል በመሰላል ይወጣል። ከሱ በላይ የተከፈተው ጣሪያ፣ በመሃሉም ሰማይ።

«ጣሪያውን ተርትረውታል» አለች አክስቴ በሹክሹክታ።

እናቴ ቀና ብላ ብዙ ቆየች።

ሰው ጥቂት ነበር። ተማሪዎች፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ፣ እኛ። የእኔ ዘዴ ቀላል ነበር፤ ሰልፉ ላይ እንደ ወትሮዬ በሁለቱ መሃል መቆም። ጋሽ ጨረቃ ምን እንደሚሉ አውቃለሁና።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ ጋሽ ጨረቃ እጃቸውን አጨብጭበው። «ዛሬ የምናየው ሳተርንን ነው። የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ የወረደ ለሚወጣ ይናገራል። ምን እንዳየ፣ ምን እንደሚመስል፣ የት ጋ እንዳለ። ያልተነገረው ዓይን እዚያ ጋ ተደግፎ ጨለማ ጠግቦ ይመለሳል። እኔ ብነግራችሁ ትምህርት ይሆንባችኋል። አሁን አይቶ የወረደ ሰው ሲነግራችሁ ግን ወሬው ገና ትኩስ ነው።»

«ጋሼ፣ የዋሸስ?» አለ አንዱ ተማሪ።

«የዋሸ ወደ ሰልፉ ጅራት!»

ተማሪዎቹ እየሳቁ መውጣት ጀመሩ። እናቴ ከፊቴ፣ አክስቴ ከኋላዬ፣ ከዘራ የያዙት ሽማግሌ ከአክስቴ ኋላ ነበሩ። እናቴ አይታ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ አይቼ ለአክስቴ እነግራለሁ። በዚህ ላይ ትንሽ ካውያ ቢጨመርበት ምሽቱ በሰላም ያልፋል።

«አንተ ልጅ!» አሉ ጋሽ ጨረቃ። «የመዘውሩ ሰውዬ ዛሬ አልመጣም። ና፣ ያዝልኝ!»

«እኔ?... ሰልፍ ላይ...»

«አንተ ስንቴ አይተኸዋል! ና ይልቅ።»

ሄድኩ። መዘውሩ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ የመኪና መሪ የሚያክል ብረት ነው። እሱን ይዤ ዞር ብዬ ሳይ የለቀቅሁት ቦታ ሞልቷል። አክስቴ አንድ እርምጃ ቀርባለች። በእሷና በእናቴ መካከል ምንም የለም። እናቴም ይሄን በጀርባዋ አውቃ አንገቷን አቅንታለች። ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ።

ከእናቴ በፊት የነበረችው ተማሪ ወርዳ፣ «እማማ፣ ትንሽ ናት፤ ግን ዙሪያዋን ቀለበት አላት። አይቸኩሉ፣ ዓይንዎ እስኪለምድ ይጠብቁ» አለቻት።

እናቴ ወጣች። ተደገፈች።

«ጨለማ ነው» አለች።

«ዓይንዎን ይግለጡት እናቴ» አሉ ጋሽ ጨረቃ።

ሁለቱንም ጨፍና ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንደምታደርገው አንዱን ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ተመለከተች። እጇ ብቻውን ተነሥቶ ወደ አፏ ሄደ።

«ውይ» አለች። «ውይ፣ ውይ፣ ውይ።»

ስትወርድ ሌላ ሰው መስላ ነው የወረደችው። ፊቷ በርቷል፤ የምትናገረው ነገር አፏ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቀና ስትል ግን ከፊቷ የቆመችው አክስቴ ናት። በጨለማው ውስጥ እኔን በዓይኗ ፈለገችኝ።

«ልጄ! ለአክስትህ ንገራት...»

«እዚህ ቤት ተላላኪ የለም እናቴ» አሉ ጋሽ ጨረቃ። «ያዩት እርስዎ ነዎት።»

እናቴ የመሰላሉን እንጨት ይዛ፣ እንጨቱን እያየች ተናገረች።

«ቁልፍ ነው» አለች። «የኮት ቁልፍ። ዙሪያውን ጠርዝ ያለው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ብቻውን የተሰፋ።»

«ለመሰላሉ ሳይሆን ለሰው ይንገሩ።»

እናቴ አንገቷን ትንሽ ብቻ አዞረች፤ እስከ አክስቴ ጆሮ የሚደርስ ያህል። «ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ነው ያለው» አለችና ገለል አለች።

አክስቴ ወጣች። እሷም አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ጉልላቱ ሁሉ እሷን የሚጠብቅ መሰለኝ፤ ለካ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

«እ?» አለች ከላይ ሆና። «ቁልፍ? ይሄ ነው ቁልፍ?»

እናቴ ገለል ያለችበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ይሄማ ባርኔጣ ነው!» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ከላይ ሆነው ሲያዩት።»

«ባርኔጣ!» አለች እናቴ፣ መጀመሪያ ለራሷ። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ከፍ አለ። «ባርኔጣ ከላይም ከታችም እኩል ይሆናል? በሁለቱም በኩል እኩል ነው እኮ፤ ቁልፍ ነው!»

«ቁልፍ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የታለ?»

«ከኋላ የሚሰፋ ቁልፍ አታውቂም? ይሄን ያህል ዘመን ስትሰፊ ኖረሽ!»

እናቴ ይሄን በቀጥታ ወደ ላይ ነው የተናገረችው፤ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

«አሳምሬ አውቃለሁ!» አለች አክስቴ፣ አሁን ዓይኗን ነቅላ ቁልቁል እያየቻት። «አንቺ ነሽ ነገር ሁሉ የሚያንስብሽ! ይሄን የሚያህል ዓለም ቁልፍ ትይዋለሽ! ድሮም ልኬት ላይ እንዲህ ነሽ!»

«ልኬት? ልኬት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ ልኬት!»

ጋሽ ጨረቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሳተርን ጣሪያው ጠርዝ ሥር ሊገባብን ነው፤ አዙር» አሉኝ።

አዞርኩ። ሲ...ጢ...ጥ! ጉልላቱ ሁሉ ጮኸ። እህትማማቾቹ ግን አላቆሙም፤ ጩኸቱን ለመብለጥ ድምፃቸውን ጨመሩ። እኔ ስገፋ እነሱም ሲገፉ፣ የሚሰማኝ ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። «...መሰላል ላይ የነበርሽው...» ሲጢጥ። «...ቁጥር ማንበብ...» ሲጢ...ጥ። «...ጫፉን አላስጠጋሽም...» ሲጢጥ። «...አንድ ክንድ ሙሉ!...»

ጉልላቱ ቦታውን ያዘ። መዘውሩን ለቀቅሁ። ጩኸቱ ቆመ፤ እናቴ ግን ለማቆም አልደረሰችም።

«...የተዋናዮቹን እግር ለሕዝብ ያሳየሽው አንቺ ነሽ!»

ነሽ... ነሽ... ነሽ... አለ ጉልላቱ።

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አክስቴ መሰላሉ ላይ እንደተሰቀለች ቀረች። ይሄኔ ከዘራ የያዙት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ» አሉ፣ «ሳላስበው ሰማሁ። የአዳራሹን መጋረጃ ነው የምትሉት? ቀዩን?»

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«እናንተ ናችሁ የሰፋችሁት?»

ሽማግሌው ግን መልስ አልጠበቁም፤ ፊታቸው በፈገግታ ተጨማድዷል።

«ያን ማታ ከፊት ወንበር ነበርኩ። ንጉሡ በሰይፍ ተወግቶ ወደቀ። ንግሥቲቱ አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን። መጋረጃው ተዘጋ። ከዚያላችሁ በታች በኩል የሟቹ እግር ተነሣ! ተነሣና፣ ባንዱ እግሩ ሌላውን እክክ እክክ አደረገ። ጫማውን ፈለገ። አንዱን አገኘ፣ አንዱን አጣ። በእንብርክክ ፈልጎ አገኘና አጥልቆት ከመድረኩ ውልቅ! ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከወንበሯ ወደቀች ስላችሁ። ከዚያ በኋላ እግሯን ባከከች ቁጥር ትስቅ ነበር፤ አልጋ ላይ ውላ እንኳን።»

«ሌላ መጋረጃ... አልሰቀሉም?» አለች አክስቴ፣ ከላይ ሆና ቀስ ብላ።

«ምን ሲደረግ! አንድ ጊዜ ሊቀይሩት ቢሉ ሕዝቡ እምቢኝ አለ። ተዋንያኑም ለመዱት፤ መጋረጃ ሲዘጋ በእግራቸው ብቻ የሚጫወቱት ሌላ ጨዋታ አላቸው። ለዋናው የማይመጣ ሰው ለእግሩ ይመጣል። ዛሬም ትርኢት አለ እኮ። የአዳራሹ መብራት ከዚህ ደጅ ሆነው ሲያዩ ይታያል።»

ይሄን እኔም አላውቅም ነበር። አዳራሽ የሚባል ቃል ቤታችን ውስጥ አይነሣም፤ ሰፈርተኛውም እኛ ፊት ነገሩን ይውጠዋል። እኔ ደግሞ ሰው የተሰበሰበበት የምገኝ ሰው አይደለሁም።

መጀመሪያ የተነቀነቀው የአክስቴ ትከሻ ነው። ያለቀሰች መሰለኝ። ቀጥሎ ከአፍንጫዋ አንድ ድምፅ አመለጣት።

«ባንዱ እግሩ...» አለች።

«...ሌላውን» አለች እናቴ።

ከዚያ ፈነዱ። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች። አክስቴ እንዳትወድቅ መሰላሉን አቀፈች፤ እናቴ ከታች ሆና የአክስቴን ቀሚስ ጫፍ ጨብጣ ያዘች፤ ልትደግፋት ይሁን ልትደገፍባት አይታወቅም። ሳቃቸው አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ እንደ ሳል ይነሣል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ድምፅ ያጣል። ይሄን ያህል ዓመት በሁለቱ መሃል ስኖር ይሄን አላውቅም ነበር፤ ባንድ ላይ ሲስቁ ሰምቼ ረስቻለሁ። ጉልላቱ ሳቁን እየተቀበለ መለሰው። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ጋሽ ጨረቃ መላጣቸውን እያሻሹ ሳቁ። ሽማግሌው ደግሞ በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ፣ «ውልቅ! ውልቅ!» ይላሉ።

ሳቁ እየደከመ ሲመጣ አክስቴ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች ወረደች። መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆማ እናቴን አየቻት። ፊት ለፊት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። እኔ እንደ ልማዴ ከመዘውሩ ጀርባ ልወጣ አንድ እግሬን አነሣሁ። የሆነ ነገር ይሉኛል ብዬ ነው። በላት ይሉኛል።

አክስቴ አንገቷን ዳሰሰች። ሜትሩ እዚያው ነበር፤ ከሥራ ስንወጣ ማውለቅ ትረሳለች፣ ሁሌም ትረሳለች። ከአንገቷ ሳበችውና በእጇ ላይ ጠቀለለችው። እናቴ ሜትሩን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እትዬ» አለች አክስቴ።

ታናሽ ናትና ድሮ እንዲህ ነበር የምትጠራት። በሜትሩ ጥቅል ወደ ታች፣ ወደ አዳራሹ በኩል ጠቆመች። ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

«መልስህ ዛሬ ነበር» አሉኝ ጋሽ ጨረቃ ከጎኔ።

እኔ ዓይኔን ከእነሱ አልነቀልኩም። በሩ ጋ ደርሰዋል። አሁን ዞር ይላሉ አልኩ። አሁን «ልጄ» ትለኛለች አልኩ።

«እህ?» አሉ ጋሽ ጨረቃ።

ያነሣሁትን እግሬን መልሼ አስቀመጥኩ። ሁለቱንም እጄን መዘውሩ ላይ አሳረፍኩ።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አልኩ።

«እናቴ! እህቴ!» ብለው ጋሽ ጨረቃ ወደ በሩ ተጣሩ። «ኧረ ሕጉ! እኚህ አባት እኮ እየጠበቁ ነው፤ ያዩትን ሳይነግሯቸው?»

በሩ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን አያሳልፍም። አክስቴ ቀደመች፤ የሜትሩ ጥቅል በእጇ ላይ ላልቶ ጫፉ ከኋላዋ ይጎተት ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ ጫፉን ከመሬት አነሣችና ያዘችው። እንደዚያው እንደያዘችው፣ ለሽማግሌውም ለእኔም ምንም ሳይሉ፣ ወጡ።